ኩርባው ከመድረሱ በፊት

የተከበራችሁ የገላን ኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ ይልቁንም ሄልሜታችሁን ጭናችሁ ላይ አድርጋችሁ ከኋላ የተቀመጣችሁ ሞተረኛ ልጆቻችን፤

የመጣሁት ስለ ኩርባ ልነግራችሁ ነው። ገላን ላይ ቆሞ ስለ ኩርባ ማውራት ለአንዳንዶቻችሁ ግር ይላችሁ ይሆናል። ይህ ሜዳ አገር ነው። ኩርባ ሲባል ትዝ የሚለን ሊማሊሞ ነው፣ ጣርማ በር ነው፣ ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ የሚወርደው ጥምዝምዝ ነው። ነገር ግን ሞተረኛ የት እንደሚወድቅ እዚህ በር ላይ ሥራ የሚጠብቁትን ልጆች ጠይቋቸው። “አደባባዩ ላይ” ይሏችኋል፤ “ከአስፋልት ወደ ኮብልስቶን ስትታጠፍ” ይሏችኋል፤ “ሲኖትራኩ ሲዞር” ይሏችኋል። ሦስቱም ኩርባ ናቸው። የገላን ኩርባ ገደል የለውም፤ ሰው የማይፈራውም ለዚህ ነው።

እኔ ሞተር መንዳት የጀመርኩት ጎጃም ውስጥ ነው። ለሥራ የተሰጠችኝ አሮጌ ያማሃ ነበረች፤ ከኋላዋ የክትባት ሳጥን ይታሰርባታል። ያስተማረኝ ሰው ትምህርቱን የጨረሰው በአንድ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ፍሪሲዮኑን አሳየኝ፣ ማርሹን አሳየኝ፣ ፍሬኑን አሳየኝና “በል ሂድ” አለኝ። በቀጥታ መሄድን በዚያ ቀን ቻልኩ። መታጠፍን ለመማር ግን ዓመታት ፈጁብኝ፤ የተማርኩትም ከደጀን ወደ አባይ በረሃ ስወርድ በድንጋጤ ብዛት ነው። ዛሬ የምነግራችሁን ያኔ አንድ ሰው በአንድ ሰዓት ቢነግረኝ ኖሮ ብዙ ድንጋጤ፣ በኋላም አንድ ስብራት ይቀርልኝ ነበር።

ይህ የእኔ ብቻ ታሪክ አይደለም። በአሜሪካ የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበሩት ሃሪ ሃርትና ባልደረቦቻቸው በሎስ አንጀለስ ከተማ ወደ 900 የሚጠጉ የሞተር ሳይክል አደጋዎችን በቦታው ተገኝተው መረመሩ። ጎማ የተንሸራተተበትን ጭረት ለኩ፣ ሄልሜቱን ሰብስበው አዩ፣ የተረፈውን ሰው ጠየቁ። ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው፤ እስከ ዛሬም የሞተር ደህንነት አስተማሪዎች ይጠቅሱታል። ከተጎዱት ሞተረኞች ውስጥ 92 በመቶው መንዳትን ያወቁት ወይ በራሳቸው ነው ወይ ከዘመድና ከጓደኛ ነው። ሞተረኛው ከሌላ ተሽከርካሪ ጋር ሳይጋጭ ብቻውን የወደቀባቸውን አደጋዎች ለይተው ሲያዩ፣ ከሦስቱ በሁለቱ ጥፋቱ የሞተረኛው ራሱ ነበር፤ ጥፋቱም ሁለት ዓይነት ነው፦ ወይ ፍሬን አብዝቶ ይዞ ጎማው ተንሸራተተ፣ ወይ ኩርባው ውስጥ በፍጥነት ገብቶ ወደ ውጭ ወጣበት። ሎስ አንጀለስና የእኛው ቱሉ ዲምቱ በብዙ ነገር ይለያያሉ። በዚህ ግን አንድ ናቸው፤ ሞተርና መሬት የሚገናኙበት ሕግ አገር አይለይም።

እስቲ ያንን ሕግ በቁጥር እንየው። ቁጥሩን የምወደው ሰው “እኔ ልምድ አለኝ” ሲል ዝም ብሎ ስለሚመልስለት ነው። 20 ሜትር ራዲየስ ባለው ክብ ላይ የምትዞሩ ይመስላችሁ፤ ብዙ የከተማ አደባባይ ላይ የምንይዘው መስመር ከዚህ ብዙ አይርቅም። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ብትነዱ ሞተሩ ሳይወድቅ እንዲዞር 20 ዲግሪ ያህል መጋደም አለበት። በ40 ብትነዱ 32 ዲግሪ ይጋደማል። በ50 ብትነዱ 45 ዲግሪ ሊሞላ ምንም አይቀረው። ዲግሪ ካልታያችሁ የግድግዳ ሰዓት አስቡ፤ ቀጥ ብሎ የቆመ ሞተር 12 ቁጥር ላይ ነው፣ 30 ዲግሪ 1 ቁጥር ላይ ነው፣ 45 ዲግሪ በ1 እና በ2 መካከል ነው። ከ30 ወደ 50 ያለው ልዩነት ለጆሮ ሃያ ብቻ ነው። ለጎማው ግን ከእጥፍ በላይ ነው፤ ምክንያቱም ሞተሩን ወደ ውጭ የሚገፋው ጉልበት የሚያድገው በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ካሬ ነው። ፍጥነት ሁለት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል።

ይህን ሁሉ የሚሸከመው ምንድን ነው? እያንዳንዱ ጎማ መሬቱን የሚነካው በመዳፍ በምትሸፈን ቦታ ብቻ ነው። ሁለት መዳፍ የምታህል ላስቲክ እናንተን፣ ሞተራችሁን፣ ከኋላ ያሰራችሁትን የዴሊቨሪ ሳጥን፣ አንዳንዴም ተሳፋሪ ትሸከማለች። በደረቅና በንጹህ አስፋልት ላይ ጥሩ ጎማ 45 ዲግሪን ሊችል ይችላል። በሐምሌ ግን አይችልም። በተለይ እዚህ አካባቢ አይችልም፤ የአቃቂ ሜዳ አፈር ዋልካ ነው። ግንባታ ካለበት ቦታ የሚወጣ መኪና በጎማው ጥርስ ውስጥ የያዘውን ጥቁር ጭቃ አስፋልቱ ላይ እየጣለ ይሄዳል። ዋልካ ሲረጥብ ምን እንደሚመስል በእግር የሄደበት ሁሉ ያውቀዋል፤ ጫማ ላይ ይጣበቃል፣ ከሥር ግን እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። በላዩ ላይ ናፍጣ ጨምሩበት፤ የነዳጅ ታንኩ ከአፍ እስከ ገደፉ የተሞላ የጭነት መኪና አደባባይ ሲዞር ናፍጣ ያፈሳል። ናፍጣ እንደ ቤንዚን ቶሎ ተኖ አይጠፋም፤ የሚፈሰው ደግሞ እናንተ ሞተሩን በምታጋድሙበት ቦታ ላይ ነው። መጀመሪያ የሚዘንበው ካፊያ ከከባድ ዝናብ የባሰ አደገኛ የሚሆነውም ለዚህ ነው፤ አቧራውንና ዘይቱን ያላቁጠዋል እንጂ አጥቦ አይወስደውም።

እኔም የወደቅኩት እንዲህ ባለ ቦታ ነው። አባይ በረሃን ስንት ጊዜ ወርጄ ወጥቼ ምንም ያልነካኝ ሰውዬ፣ በዚሁ በደቡብ አዲስ አበባ አንድ አደባባይ ላይ በማለዳ፣ በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ጎኔን መሬት ላይ አገኘሁት። ናፍጣውን አየሁት። ሳየው ደነገጥኩ፤ ደንግጬ የፊት ፍሬኑን ጨበጥኩ። ያቺ ጭብጥ ናት የጣለችኝ።

ለምን እንደጣለችኝ ላስረዳችሁ፤ ዛሬ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ያዙ። ጎማው መሬትን የሚይዝበት ጉልበት እንደ አንድ ጋቢ ነው። ሁለት ሰው አንድ ጋቢ ለብሶ ሲተኛ አንዱ ከሳበ ሌላው ይራቆታል። ሞተር ሲታጠፍ ጎማው ጋቢውን ለመታጠፊያ ይሰጣል። በዚያ ላይ ፍሬን ስትይዙ ፍሬኑ ጋቢውን ወደ ራሱ ይስባል፤ መታጠፊያው ይራቆታል፤ ጎማው ከሥራችሁ ይሸሻል። ቀጥ ብላችሁ ስትሄዱ ጋቢው ሙሉ በሙሉ የፍሬን ነው። ስለዚህ ፍጥነት የሚቀነሰው ሞተሩ ቀጥ ብሎ ሳለ፣ ኩርባው ሳይጀምር ነው። ሁለቱንም ፍሬን፣ የፊቱን አብልጣችሁ፣ ግን በድንገት ሳይሆን ብርቱካን እንደምትጨምቁ ቀስ በቀስ እያጠበቃችሁ ትይዛላችሁ። ማርሽ የሚቀነሰውም እዚያው ነው። ከዚያ ፍሬኑን እያላላችሁ ትገባላችሁ። ከገባችሁ በኋላ ነዳጅ በትንሹ፣ ሳይቋረጥ ትሰጣላችሁ፤ ሞተሩ እንዲረጋጋ እንጂ እንዲፈጥን አይደለም። ውስጥ ገብቶ “ፈጥኛለሁ” ብሎ ያወቀ ሰው ዘግይቷል። ያም ሆኖ የከፋው ምርጫ መጨበጥ ነው፤ ዓይኑን ወደ መውጫው አድርጎ ትንሽ ጨምሮ ማጋደም ብዙ ጊዜ ያወጣዋል፤ ጎማው ሰው ከሚገምተው በላይ ይችላልና።

ዓይን ያልኩትን ሳላብራራ አላልፍም። ዓይን የሄደበት ሞተር ይሄዳል። ጉድጓድ አይታችሁ ጉድጓዱ ላይ ካፈጠጣችሁ ጉድጓዱ ውስጥ ትገባላችሁ። ሰፊ ባዶ መንገድ ላይ ሞተረኛ ሄዶ ሄዶ ብቸኛዋን የመብራት ምሰሶ የሚመታው ለዚህ ነው፤ ምሰሶዋን ፈርቶ እሷን ብቻ ያያል። ልማዱን መቀየር ይቻላል፤ አንገታችሁን አዙራችሁ፣ አገጫችሁን ወደ መውጫው አድርጋችሁ መንዳት ነው። መጀመሪያ ያስፈራል፤ ፊት ለፊት ያለውን የተዋችሁት ይመስላችኋል። ሁለት ሳምንት ሞክሩት።

ሌላው የእጅ ነገር ነው። ከእናንተ አንዳንዶቻችሁ በተግባር ታውቁታላችሁ፣ በቃል ግን ስነግራችሁ አታምኑኝም። ከዝግታ ያለፈ ፍጥነት ላይ ስትሆኑ ሞተር ወደ ቀኝ እንዲታጠፍ የሚያደርገው የቀኙን እጀታ ወደፊት መግፋት ነው። መሪው ለአፍታ ወደ ግራ ያመለክታል፣ ሞተሩ ወደ ቀኝ ይጋደማል፣ ከዚያ ይዞራል። ቢስክሌትም እንዲሁ ነው። አውሮፕላን ከሠሩት የራይት ወንድማማቾች አንዱ ዊልበር፣ ቢስክሌት ሠሪም ነበርና ሰዎች ወደ ግራ ሲታጠፉ መጀመሪያ መሪውን በጥቂቱ ወደ ቀኝ እንደሚያደርጉ፣ ግን ማድረጋቸውን ራሳቸው እንደማያውቁት አስተውሎ ነበር። ይህን ማወቅ የሚጠቅመው በጭንቅ ሰዓት ነው። ሕፃን ልጅ ኳስ ተከትሎ ከብሎኮች መሀል ብቅ ቢል፣ ሰውነታችሁን ብቻ በማዘንበል ሞተሩ ቶሎ አይዞርላችሁም። መግፋትን ያወቀ እጅ ግን በቅጽበት ያዞረዋል።

ከከተማ ለምትወጡ፣ በተለይ ዘመድ ጥየቃ ወደ ጎጃም ለምትወርዱ፣ አንድ ነገር ልጨምር። እኛ በቀኝ የምንነዳ ሕዝብ ነን። ወደ ግራ በሚታጠፍ ኩርባ ላይ ሞተረኛው ሲጋደም ጎማው በራሱ መስመር ውስጥ ቢሆንም ጭንቅላቱ የመሀል መስመሩን ተሻግሮ ተቃራኒው መንገድ ላይ ይሆናል። በአባይ በረሃ ከታች ተሳቢውን እየጎተተ የሚወጣ መኪና ደግሞ ኩርባውን ለመዞር ከመስመሩ ይወጣል። ጭንቅላትና ገንዳ የሚገናኙት በዚያ ክንድ በማትሞላ ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ በግራ ኩርባ ከመሀል መስመሩ ራቁ፤ መውጫው እስኪታያችሁ ድረስ ወደ ውስጥ አትሳቡ። ቁልቁለቱንም በማርሽ ውረዱ እንጂ በፍሬን ብቻ አትውረዱ፤ ፍሬን ከጋለ በኋላ ጨብጣችሁት ምንም አይሰማም።

ወደ ሰፈራችን ልመለስ። ከቃሊቲ እስከ ቱሉ ዲምቱ ያለው መንገድ የአገሪቱ ጭነት የሚያልፍበት ነው፤ ወደ ጅቡቲ የሚሄደውም፣ ከሞጆ ደረቅ ወደብ የሚመጣውም ኮንቴይነር አብዛኛው በዚህ ያልፋል። የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድም መግቢያው ቱሉ ዲምቱ ነው። የግንባታ አሸዋና ጠጠር የሚያመላልሰውን ሲኖትራክ ደግሞ ሕዝቡ “ቀይ ሽብር” ብሎ ስም እስከማውጣት ደርሷል፤ ስሙ ከየት እንደመጣ የምታስታውሱ አባቶች እዚህ አላችሁ። ሞተረኛ የራሱን ኩርባ ቢያውቅም የእነዚህን መኪናዎች ኩርባ ካላወቀ አይድንም።

ረጅም መኪና ሲታጠፍ የኋላ ጎማው የፊቱን ዱካ አይከተልም፤ ወደ ውስጥ ቆርጦ ይሄዳል። ተሳቢ ካለው የበለጠ ይቆርጣል። ሹፌሩ ወደ ቀኝ ለመታጠፍ መጀመሪያ ወደ ግራ ይከፍታል፤ በቀኙ በኩል ሰፊ ክፍት ቦታ ይፈጠራል። ሞተረኛው ያንን ክፍት ቦታ ያያል፣ የቸኮለ ትዕዛዝ ይዟል፣ ይገባል። ቦታው ግን የኋላ ጎማው የሚዘጋው ቦታ ነው። ሹፌሩ ከፍ ብሎ ተቀምጧል፤ በቀኝ በሩ ሥር ያለውን ሞተር በስፖኪዮ አያየውም። ፍሬቻ ባያሳይም እንኳ የፊት ጎማውን እዩ፤ ጎማ አይዋሽም። እናንተ የሹፌሩን ፊት በስፖኪዮው ውስጥ ካላያችሁት እሱም አላያችሁም። ደግሞም ሹፌሩን ጠላት አድርጋችሁ አትመልከቱት፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲነዳ ያደረ የሰው ልጅ ነው፤ ሰው ገጭቶ የቀረውን ዕድሜውን በሰላም የተኛ ሹፌር እኔ አላውቅም።

በዚህች ከተማ የሞተር ጉዳይ በአደባባይ የተነሳበትን አንድ ጊዜ አስታውሳለሁ። በ2011 ዓ.ም. የከተማው አስተዳደር ከሰኔ 30 ጀምሮ ልዩ ፈቃድ ካለው በቀር ሞተር ሳይክል በአዲስ አበባ እንዳይንቀሳቀስ ከለከለ። ያኔ የተሰጠው ዋና ምክንያት በሞተር የሚፈጸም ዝርፊያ ነበር። የተዘረፉ እናቶችን እንባ አይቻለሁና ውሳኔውን ለመንቀፍ አልቆምኩም። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ሞተር የጸጥታ ጉዳይ ሆኖ ተነሳ፣ የፈቃድና የታርጋ ጉዳይ ሆኖ ቀጠለ፤ የመንዳት ችሎታ ጉዳይ ሆኖ ግን አልተነሳም። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ምግቡም መድኃኒቱም የበይነ መረብ ሸቀጡም በሞተር የሚደርስበት ዘመን መጣ። በኤሌክትሪክ የሚሠሩት ሞተሮችም ተጨመሩ፤ ድምፅ የላቸውም፤ እግረኛ ሲመጡ አይሰማቸውም፤ ፍጥነት መስጫው ሲነካ ደግሞ ሳያንገራግሩ ይፈናጠራሉ። ልጆቻችን ይህን ሁሉ ይዘው መንገድ የወጡት እኔን ጎጃም ላይ እንዳስተማሩኝ በአንድ ከሰዓት በኋላ ትምህርት ነው።

እዚህ ላይ ለእናንተ ለደንበኞች አንድ ልመና አለኝ። አራተኛ ፎቅ ላይ ሆናችሁ ትዕዛዝ ስትጠብቁ “የት ደረስክ?” እያላችሁ አትደውሉለት። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ልቡ ከመንገዱ ይወጣል። አንስቶ በሄልሜቱና በጉንጩ መካከል ሲሰካው ደግሞ አንድ እጁም ይወጣል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር በየሰከንዱ 14 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ “ደርሻለሁ እናቴ” ብሎ እስኪጨርስ ድረስ የአንድ ብሎክ ርዝመት ሳያይ ሄዷል። እንጀራው ትንሽ ቢቀዘቅዝ ይሞቃል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ። የተናገርኩትን ሁሉ ብታደርጉም አንድ ቀን ሌላው ሰው ሊገጫችሁ ይችላል። ቅድም ያነሳሁት ጥናት የሞተርና የመኪና ግጭቶችን ሲመረምር፣ ከሦስቱ በሁለቱ ቅድሚያ የነሳው የመኪናው ሹፌር ነበር፤ ሞተረኛው ግጭቱን ለማምለጥ የነበረው ጊዜም ሁለት ሰከንድ አይሞላም። በሁለት ሰከንድ ውስጥ ሄልሜት አይታሰርም።

የሄልሜት ታሪክ አንዱ ምዕራፍ ከአንድ ሞት ይጀምራል። በግንቦት ወር 1927 ዓ.ም. “የዓረቢያው ሎውረንስ” እየተባለ የሚታወቀው እንግሊዛዊ ቲ. ኢ. ሎውረንስ በዶርሴት ገጠር ሞተሩን ሲነዳ፣ ቢስክሌት የያዙ ሁለት ልጆችን ላለመግጨት ብሎ ተጠማዘዘና ወደቀ። ሄልሜት አልነበረውም። ስድስት ቀን ራሱን እንደሳተ ቆይቶ ሞተ። ካከሙት ሐኪሞች አንዱ ሂዩ ኬርንስ የተባሉ የአንጎል ቀዶ ሐኪም ነበሩ። ነገሩ ከልባቸው አልወጣም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ መልእክት በሞተር የሚያመላልሱ ወታደሮች በጭንቅላት ጉዳት ሲረግፉ እያዩ፣ ቁጥራቸውን መዝግበው፣ ሄልሜት ሕይወት እንደሚያተርፍ እ.ኤ.አ. በ1941 በሕክምና መጽሔት ላይ አሳዩ። የእንግሊዝ ጦር በዚያው ዓመት ለሞተረኞቹ ግዴታ አደረገው። እነዚያ ወታደሮች ሥራቸው ምን ነበር? መልእክት ማድረስ። የዛሬው የዴሊቨሪ ልጅ ሥራ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ በዓለም ዙሪያ የተሠሩ ጥናቶች ተሰብስበው ሲመዘኑ ሄልሜት የመሞትን ዕድል 42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን ዕድል 69 በመቶ ያህል ይቀንሳል።

ይህ ግን የታሰረ ሄልሜት ነው። እኔ በወደቅኩ ጊዜ ሄልሜት አድርጌ ነበር፤ ማሰሪያውን ግን አላሰርኩትም። ከእኔ ቀድሞ ሄደ። ጭንቅላቴ ሳይሆን ትከሻዬ መጀመሪያ መሬት በመንካቱ ነው ዛሬ እዚህ የቆምኩት፤ ለዚህም ፈጣሪዬን አመሰግናለሁ እንጂ ጥበብ የእኔ አይደለችም። ማሰሪያው ከአገጭ ሥር ሁለት ጣት ብቻ እስኪያስገባ ይጥበቅ። ውስጡ ያለው ነጭ ፎም አንድ ጊዜ ተጨፍልቆ ኃይሉን ይጨርሳል፤ ስለዚህ አደጋ ያየ ሄልሜት ከውጭ ደህና ቢመስልም ሥራውን ጨርሷል፣ አይሸጥም፣ ለታናሽ ወንድምም አይሰጥም። ለተሳፋሪም ሄልሜት ያዙ። እናቶቼ፣ ከኋላ የምትቀመጡ ከሆነ ነጠላችሁን ከወገባችሁ አጥብቃችሁ ታጠቁት፤ ጫፉ ካቴናና የኋላ ጎማ ውስጥ ገብቶ ስንት ሰው ጎትቶ ጥሏል።

ሰው ወድቆ ስታገኙ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የእናንተ ናቸው። ሐኪም ገና አልደረሰም። ሕዝባችን ሩኅሩኅ ነው፤ ሰው ወደቀ ሲባል ሱቁን ጥሎ ይሮጣል። እኔንም ያነሱኝ ሮጠው የመጡ ሰዎች ናቸው፤ ስማቸውን ሳላውቅ እስከ ዛሬ እጸልይላቸዋለሁ። ነገር ግን ያነሱኝ ሁለቱ በእጄ፣ ሁለቱ በእግሬ ይዘው ነው። የተሰበረው ትከሻዬ በዚያ ቅጽበት የተናገረውን አልረሳውም። የአንገት አጥንቴ ተሰብሮ ቢሆን ኖሮ በዚያች አነሳስ እጅና እግሬ ሽባ ሆኖ ሊቀር ይችል ነበር። ከዚያም አንዲት ሩኅሩኅ እናት ውሃ በጠርሙስ አመጡልኝ።

ስለዚህ በቀስታ ልንገራችሁ። መጀመሪያ መንገዱን ዝጉ፤ ቅጠል ቆርጣችሁ፣ ወይ መኪና አቁማችሁ ጠቋሚ መብራቱን አብርታችሁ፣ ከአደጋው ብዙ ርቃችሁ ከሚመጣው በኩል አመልክቱ፤ አለዚያ የሚቀጥለው መኪና የወደቀውንም የሚረዳውንም ይወስዳል። የወደቀውን “ተነስ፣ ተነስ” አትበሉት። “አትንቀሳቀስ፣ አለንልህ” በሉት። አንድ ሰው ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ቀጥ አድርጎ ይያዝ፤ ሌላው ደም የሚፈስበትን በንጹህ ጨርቅ በኃይል ይጫን፣ ጨርቁ ቢርስ በላዩ ይጨምር እንጂ አያንሳው። ውሃም ሆነ ሌላ ነገር አታጠጡት፤ ራሱን የሳተ ሰው ይታነቃል፣ ወደ ቀዶ ሕክምና የሚገባም በባዶ ሆድ መሆን አለበት። ጋቢ ወይም ኮት አልብሱት፤ ደም ያነሰው ሰው በፀሐይም ይበርደዋል። ሄልሜቱን አታውልቁ፤ መስታወቱን ብቻ ከፍ አድርጋችሁ መተንፈሱን እዩ። መተንፈስ ካቃተው ወይም ካስታወከ ግን ማውለቅ ግድ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፣ አሠራሩን አሁን ውጭ አሳያችኋለሁ።

ወዲያው ደውሉ። 907 የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው፤ ማኅበሩ የተመሠረተው ሎውረንስ በሞተበት በዚያው 1927 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ነው። 939 የእሳትና አደጋ ሥራ አመራር ነው። 8035 ጠብታ አምቡላንስ ነው፤ የሰመመን ነርስ የነበሩት አቶ ክብረት አበበ ቤታቸውን ሸጠው ያቋቋሙት ድርጅት። ስትደውሉ “ገላን ኮንዶሚኒየም” ብቻ አትበሉ፤ ሰፈሩ ሰፊ ነው። የብሎክ ቁጥር፣ የቅርቡን መግቢያ በር ተናገሩ፣ አንድ ልጅ ወጥቶ መንገድ ላይ ይጠብቅ። በክፍለ ከተማችን ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል አለ። ስለ ገንዘብም ተጨንቃችሁ አትዘግዩ፤ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት በተሽከርካሪ አደጋ የተጎዳ ሰው አስቸኳይ ሕክምና የማግኘት መብት አለው። አንዳንዱ “ካነሳሁት ምስክር ሁን ብለው ያመላልሱኛል” ብሎ ከሩቅ ይቆማል። እባካችሁ ቅረቡ። ለሰው ልጅ ደም ሲባል ሁለት ቀን ፖሊስ ጣቢያ መመላለስ ምንም አይደለም።

እንግዲህ ንግግሩ ይበቃል። ውጭ ሜዳው ላይ ከጠዋት ጀምሬ በ20 ሜትር ገመድና በኖራ ክብ አስምሬአለሁ። ሞተረኞች አንድ በአንድ ትገባላችሁ፤ መጀመሪያ በ20፣ ቀጥሎ በ30፣ ፍሬን ከመስመሩ ውጭ፣ አገጭ ወደ መውጫው። ከ30 በላይ ዛሬ ማንም አይነዳም። ክቡ አጠገብ ምንጣፍ ተነጥፏል፤ አንድ ልጅ ሄልሜቱን እንዳሰረ ይተኛልኛል። ቅድም ከፊት ተቀምጠው “እኔ ደም አልችልም” ያሉኝ እናት፣ እርስዎ ጭንቅላቱን ይይዙልኛል። ደም የለበትም፤ አንድ እጅዎ ከማጅራቱ ሥር፣ አንዱ አገጩ ላይ። እኔ የሄልሜቱን ግራና ቀኝ ከፈት አድርጌ በቀስታ ስስበው እርስዎ አይለቁም።